በመሀል አዲስ አበባ ለሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ ስለ ጥናት፣ ስለ ኑሮና ስለ ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በስድስት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎና በሰንጋ ተራ ግቢዎች የሚማሩ፣ እንዲሁም በአካባቢው ባሉ የግል ኮሌጆች የተመዘገቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሧቸው ናቸው። ምላሾቹን የጻፍኩት በስድስት ኪሎ ተምሬ፣ ሥራ ፍለጋም በዚያው አካባቢ ጫማ ጨርሼ ባወቅሁት መጠን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ሥራ ማሰብ አይፈጥንም?

አይፈጥንም። ብዙ ተመራቂ ዘግይቶ የሚቆጨው በዚሁ ነው። ተማሪ ሳላችሁ በኪሳችሁ ያለው የተማሪ መታወቂያ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ዲግሪው የማይከፍተውን በር ይከፍታል። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለአንድ ኮርስ ጽሑፍ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው መታወቂያዬን አገላብጦ ካየ በኋላ «ለትምህርት ነው?» ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላከኝ፤ የክፍሉ ኃላፊም ሻይ አስመጥተው ከግማሽ ሰዓት በላይ አስረዱኝ። በተመረቅሁ በሁለተኛው ወር ዲግሪዬን በላስቲክ ፋይል ይዤ ወደዚያው ሕንጻ ብመለስ፣ ያው ጥበቃ «ማስታወቂያ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል» ብሎ ከበሩ መለሰኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጠው እኔ ከተማሪነት ወደ ሥራ ፈላጊነት መሸጋገሬ ብቻ ነበር።

መሀል ከተማ የሚማር ሰው ይህን ዕድል በእግሩ ይደርስበታል። ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጎ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የወረደ ተማሪ ሳይታክተው ብሔራዊ ቴአትር ይደርሳል፤ ከዚያ አንሥቶ እስከ ሰንጋ ተራና ስታዲየም ባለው ሰፈር ውስጥ የብሔራዊ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና የበርካታ የግል ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረው ይገኛሉ። በካዛንቺስ በኩል ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ። በክልል ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛችሁ እነዚህን በሮች ለማየት የአውቶቡስ ትኬትና የማደሪያ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

አካሄዱ ቀላል ነው። የኮርስ ጽሑፍ ወይም ፕሮጀክት ሲሰጣችሁ ከኢንተርኔት ብቻ ቀድታችሁ አትጨርሱት፤ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉና ጉዳዩን በተግባር ወደሚሠራው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚል የመሥሪያ ቤቱንና የክፍሉን ስም ጠርቶ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ስሙ የተጠራበት ክፍል ደብዳቤውን ወደ ሌላ ክፍል መግፋት ይከብደዋል። ጽሑፉ ሲጠናቀቅ አንድ ቅጂ ለረዷችሁ ሰው መልሳችሁ ውሰዱ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ በጣም ጥቂት ስለሆነ ያደረገው ሰው አይረሳም።

የምፈልገው ዲፓርትመንት ሳይደርሰኝ ቀረ። ምን ላድርግ?

ከ2012 ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ስለሆነ የትምህርት ክፍል ምደባው በአመዛኙ የሚወሰነው በዚያ ዓመት ውጤት ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነቡ የፍሬሽማን ተማሪዎች ካሉ «ፍሬሽ ዓመት ማረፊያ ነው» የሚላቸውን ሰው አይስሙት። ምደባው ካለፈ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በቁጭት ማሳለፍ ውጤቱን ከማበላሸት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የደረሳችሁን ትምህርት በአግባቡ እየተማራችሁ በጎን አንድ ሙያ ያዙ። ለምሳሌ በ2016 መጨረሻ በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የድረ ገጽ ግንባታ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ኮርሶች ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ይሰጣሉ። የታሪክ ወይም የጂኦግራፊ ተማሪ የዳታ ትምህርት ቢጨምርበት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ስለ አገሩ ምንም ከማያውቅ ሰው የተሻለ ተፈላጊ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ የጥናትና የዳሰሳ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶችን አይቶ መፍረድ ይቻላል።

ብዙ አነባለሁ፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል። ችግሩ የት ላይ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው «ማንበብ» ከምንለው ነገር ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ይዘነው የመጣነው ልማድ ሽምደዳ ነው፤ ሃንድአውቱን ከላይ ወደ ታች ሦስት አራት ጊዜ መከለስ። ሲከልሱት ሁሉም የታወቀ ይመስላል፤ ወረቀቱን ዐይን ስለለመደው እንጂ አእምሮ ስለያዘው አይደለም። የሚከተለውን ለአንድ ሳምንት ሞክሩት። ክፍል የተማራችሁትን በዚያው ቀን ማታ ደብተሩን ዘግታችሁ በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ያህል ጻፉ፤ ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሁለተኛው ቀለም የተጻፈው የእናንተ ትክክለኛ የጥናት ዝርዝር ነው። የፈተናው ሰሞን ስትደርሱ ማንበብ ያለባችሁ እሱን ነው፤ በመጀመሪያው ቀለም የተጻፈውን ታውቁታላችሁ።

የቡድን ጥናት ከሦስትና ከአራት ሰው ሲበልጥ ወሬ ይሆናል። ሦስት ሆናችሁ ምዕራፉን ተካፈሉና እያንዳንዱ ለሌላው ያስተምር። ማስተማር ያቃተው ሰው ምዕራፉን አለማወቁን ራሱ ያውቀዋል፤ ማንም እስኪነግረው አይጠብቅም።

ለኮንቲኒየስ አሰስመንት የሚያዘው ነጥብም ቀላል አይደለም። በመሀል በሚሰጡ ፈተናዎችና ሥራዎች ላይ ግድየለሽ ሆኖ በፋይናል «አነሣዋለሁ» ያለ ተማሪ፣ ሬጅስትራር ፊት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ሲጠይቅ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለመመረቅ ድምር ውጤት ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ ነገር ግን 2.00 ለመመረቅ ያብቃ እንጂ ለሥራ ውድድር የሚበቃው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ባንኮችና ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ ዝቅተኛ የውጤት መነሻ ያስቀምጣሉና።

ዶርም ውስጥ ማንበብ አልተቻለም። የት ልሂድ?

በስድስት ኪሎ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የፈተና ሰሞን ግን ወንበሩ ሁሉ በደብተርና በጃኬት ተይዞ ባለቤቱ ሻይ ቤት የሚገኝበት ጊዜ ነው። በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ሰው ክፍት ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ቦታ ለማግኘት በጠዋት መገኘት ያስፈልጋል። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ በ1955 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሳያይ መመረቅ የለበትም። ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ፤ የቆዩ ጋዜጦችን የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የመውጫ ፈተና ያስፈራኛል። እንዴት ልዘጋጅ?

የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የሚወስደው ሲሆን የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበሩ ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ያላለፈ ሰው በድጋሚ የመፈተን ዕድል አለው፤ «አንዴ ከወደቅሁ አበቃልኝ» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው።

ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥና በምርጫ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። የሚወጣባቸው ኮርሶች ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ ተለይተው ስለሚታወቁ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳላችሁ ከትምህርት ክፍላችሁ ጠይቃችሁ ዝርዝሩን ያዙ። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ግን ከዚያ በፊት ነው፦ ኮርስ ባለቀ ቁጥር ደብተሩንና ሃንድአውቱን ለታናናሾች ማደል ወይም መጣል። የሁለተኛ ዓመት ደብተራችሁ በአራተኛ ዓመት ያስፈልጋችኋል። በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት «ቲውቶሪያል» ከሚባሉ ፋይሎች ውስጥ ደህና የተሠሩ ቢኖሩም መልሳቸው የተሳሳተ ብዙ ነው፤ በእነሱ ብቻ የተዘጋጀ ሰው የሌላውን ስሕተት ሸምድዶ ይገባል። «ፈተናው ወጥቷል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ እሱ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጉት።

የኮምፒውተር ልምድ የሌላችሁ ከሆነ፣ በሰዓት ተወስኖ በስክሪን ላይ ረጅም ጥያቄ ማንበብ ራሱ ልምምድ ይጠይቃል። የሙከራ ፈተና ሲዘጋጅ «ውጤቱ አይያዝም» ብላችሁ አትቅሩ።

አሳይመንት በቻትጂፒቲ ብሠራ ምን ችግር አለው?

መምህሩ ያውቀዋል፤ ትናንት በፈተና ወረቀት ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጻፈ ልጅ ዛሬ እንከን የሌለው አሥር ገጽ ይዞ ሲመጣ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ያልገባችሁን ጽንሰ ሐሳብ እንዲያብራራላችሁ መጠየቅ ጥሩ ነው። ጽሑፉን ራሱን ካስጻፋችሁት ግን የሚዘጋጀው እሱ ነው፤ የሥራ ፈተና ላይ ደግሞ ብዕር ይዛችሁ የምትቀመጡት እናንተ ብቻ ናችሁ። በተጨማሪም ያልተጻፈ መጽሐፍ በማጣቀሻነት የሚሰጣችሁ ጊዜ አለ።

ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ኑሮው እንዴት ይቻላል?

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ተማሪ ይከራያቸው የነበሩ ብዙ ቤቶች ከ2016 ወዲህ ስለፈረሱ፣ አሁን ተማሪው በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ፣ በቀበና በኩል ወይም ከዚያ ርቆ ይፈልጋል። ለሦስትና ለአራት ሆኖ መከራየት የተለመደ ነው፤ ጠቡ የሚመጣው ግን ከኪራዩ ይልቅ ከመብራት፣ ከውኃና ከእንግዳ ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚከፍል፣ እንግዳ ማደር ይችል እንደሆነ፣ አንዱ ቢወጣ ድርሻውን ማን እንደሚሸፍን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኛሞች ነን ብላችሁ አትለፉት። ጓደኝነቱን የሚያቆየው ወረቀቱ ነው።

ከአከራይ ጋር ደግሞ ሕጉን ዕወቁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሲገጥማችሁ ይህን በትሕትና መጥቀስ አይከፋም። ደላላው «እሱን ተወው» እንደሚላችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ነን-ካፌ የሆናችሁ፣ ማለትም በግቢው ካፌ የማትመገቡ ተማሪዎች፣ ከምግብ ቤት ጋር በወር ተዋውሎ መብላት በየቀኑ ከመክፈል ይረክሳል፤ ነገር ግን የወሩን ሙሉ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ፤ ምግብ ቤቱ በወሩ አጋማሽ ሊዘጋ ይችላል። የሁለት ሳምንት በሁለት ሳምንት ይበቃል።

ጭንቀት በዝቶብኛል፣ እንቅልፍም የለኝም።

በግቢያችሁ ወዳለው የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ሂዱ፤ እዚያ ካልተቻለ የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ይገኛል። ሴሚስተሩ ሳያልቅ በሕጋዊ መንገድ ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) መሙላት፣ ዝም ብሎ ጠፍቶ ሁሉንም ኮርስ ኤፍ ከማግኘት እጅግ የተሻለ ነው። ቅጹን ሳትሞሉ ወደ ቤተሰብ አትሂዱ።

የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ ልምድ ይጠይቃል። ለአዲስ ተመራቂ የሚሆን የት ይገኛል?

ሥራ ፈላጊ «ዜሮ ዓመት» ብሎ የሚጠራው ማስታወቂያ ነው የሚያስፈልጋችሁ። የአማርኛው ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ሲወጣ የማስታወቂያ ገጾቹን ገዝቶ ማንበብ ለማይችል፣ በአራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች ለረጅም ጊዜ የብዙ ተመራቂ ባለውለታ ሆነው ኖረዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በጉልበቱ ዘርግቶ፣ ስልክ ቁጥርና የመጨረሻ ቀን በእጁ መዳፍ ላይ የሚጽፍ ልጅ ያላየ የአራት ኪሎ ተማሪ የለም። አሁን አብዛኛው ማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናሎችና እንደ ኢትዮጆብስ ባሉ ድረ ገጾች ይወጣል። ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ሁሉ ግን በቀጣሪው በራሱ ገጽ ላይ ሳታረጋግጡ ማስረጃችሁን አትላኩ፤ የምዝገባ፣ የሥልጠና ወይም የፎርም እያለ ብር አስገቡ የሚል «ቀጣሪ» ሥራ የለውም።

የልምድ ጥያቄውን በተመለከተ፣ በኢንተርንሺፕ የሠራችሁበት ድርጅት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጣችሁ በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከአንድ ሳምንት በፊት ጠይቁ። ፈራሚው ኃላፊ በመጨረሻው ቀን ስብሰባ ላይ ነው፤ ይህ እንደ ሕግ የሚሠራ ነገር ነው። ደብዳቤው ላይ «በትጋት ሠርተዋል» ከሚለው ይልቅ የሠራችሁት ሥራ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ይጠቅማችኋል።

ሲቪ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችሁን፣ የትዳር ሁኔታችሁንና «በጫና ውስጥ መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አውጡና በምትኩ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ምን እንደጠየቀና ምን እንዳገኘ በሁለት መስመር ጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ተጠይቆ ርእሱን ማስታወስ ያቃተው ተመራቂ ተቀምጦ አይቻለሁ።

ተቀጠርኩ። ምን ማወቅ አለብኝ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ «ስድስት ወር ሙከራ» የሚባል ነገር በግል ድርጅት ውስጥ ሕጋዊ አይደለም። የጽሑፍ ውል ካልተፈረመ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከደመወዛችሁ ላይ ከግብር በተጨማሪ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል፤ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ መደረጉንም ጠይቁ። ብዙ ቀጣሪ የሰው ዋስ ስለሚጠይቅ፣ ቋሚ ደመወዝተኛ የሆነና ለሌላ ሰው ያልዋሰ ዘመድ ወይም ወዳጅ ማን እንዳለ አስቀድማችሁ ብታስቡበት አይከፋም። የሥራ ፈተና አልፎ በዋስ ማጣት የቀረ ሰው አለ።

ኮስት ሼሪንጉስ?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የምትፈርሙት ይህ የወጪ መጋራት ውል ዕዳ ነው። ሥራ ስትይዙ ቢያንስ ከገቢያችሁ 10 በመቶ እየተቆረጠ የሚከፈል ሲሆን፣ ተከፍሎ ሳያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪ ማውጣት አይቻልም፤ እስከዚያ የምትሠሩት በቴምፖ (በጊዜያዊ ዲግሪ) ነው። የፈረማችሁባቸውን ቅጾች ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዕዳውን ልትከፍሉ ስትሄዱ የአንድ ዓመት ቅጽ ፋይል ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የእናንተ ፎቶ ብዙ ምልልስ ያድናል።

የግል ኮሌጅ ነው የምማረው። ዲግሪዬ ተቀባይነት ይኖረዋል?

ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ለይቶ ነው። አንዱ ካምፓስ እውቅና ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ፤ ከተመዘገባችሁም በኋላ የእውቅናው ዘመን መታደሱን ጠይቁ።

እውነቱን ንገሩኝ፤ ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ ያገኛል?

ዘመድ ያለው ሰው ቀድሞ የሚቀጠርበት ቦታ የለም ብል አታምኑኝም፤ ባታምኑኝም ትክክል ናችሁ። ነገር ግን «በዘመድ ገባ» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ የገቡት በሥጋ ዘመድ አይደለም፤ ክፍት ቦታ ሲኖር «አንድ የማውቀው ልጅ አለ» ብሎ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ስለነበራቸው ነው። ያ ሰው በሁለተኛ ዓመት ደብዳቤ ይዛችሁ የሄዳችሁበት ኃላፊ፣ በኢንተርንሺፕ ወቅት አጠገባችሁ የነበረው የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ከእናንተ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከዚሁ ትምህርት ክፍል የተመረቀ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚቀርባችሁ የመጨረሻው ነው፤ በእናንተ ወንበር ተቀምጦ ስለተማረ ምን እንደምታውቁና ምን እንደማታውቁ ያውቃል፣ የመጀመሪያውን ዓመት መከራም ገና አልረሳም።

የሁለት ዓመት ቀዳሚዎቻችሁን ስም ከመመረቂያ መጽሔታቸው ላይ ታገኛላችሁ፤ ስልካቸውን ደግሞ ከጋራ ወዳጅ። «ሥራ ፈልግልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱ ራሱ ገና አዲስ ስለሆነ ያፍራል፣ አፍሮም ይሸሻችኋል። እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ ትምህርት ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እርስዎ ወደሚሠሩበት ዓይነት ሥራ መግባት እፈልጋለሁና፣ ከሥራ ሲወጡ በሚመችዎ ቀን ቡና እየጠጣን ለ20 ደቂቃ ጥያቄ ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል። ወደሚሠሩበት አካባቢ እኔ እመጣለሁ።» ከአምስቱ ሁለቱ ቢመልሱላችሁ ጥሩ ነው። የቡናውን ሒሳብ ለመክፈል ቀድማችሁ እጃችሁን ወደ ኪስ ስደዱ፤ እንደማያስከፍሏችሁ ግን እርግጠኛ ነኝ።